ጋዜጠኝነት የት ልማር? ለሰሜን ሸዋ ተማሪዎች የአመራረጥ መንገድ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ስልኬ አያርፍም። «ልጄ ጋዜጠኛ ካልሆንኩ ብሏል፤ የት ይግባ?» የሚሉ ወላጆች ይደውላሉ። ተማሪው በሳምንት ስንት ጊዜ ወጥቶ ዘገባ ይዞ እንደሚመለስ ጠይቁ እላቸዋለሁ።

1. በመጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ። በገበያ ቀን የመንዝ በግ ይዞ የመጣ ገበሬ አጠገብ ቁሙ። በስንት እንደሚሸጥ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን ዛሬ እንደሚሸጥ ጠይቁት፤ ስሙን ከነአባቱ መዝግቡ። ገዢውንም አነጋግሩ። የሁለቱ ዋጋ አልገጥም ሲላችሁ ሦስተኛ ሰው ፍለጋ እግራችሁ ከተነሳ ሙያው ይሆናችኋል። ቴሌቪዥን ላይ መታየቱ ብቻ ከሆነ የሚያጓጓችሁ ግን ደግማችሁ አስቡበት።

2. መግቢያውን እወቁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍል በአብዛኛው የሚመረጠው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በውጤት ነው። ስለዚህ ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው ጋዜጠኝነት እንዳለው አረጋግጡ። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኢቢሲም፣ «አዲስ ዘመን»ም እዚያው ስላሉ ለተግባር ልምምድ ይመቻል። ባሕር ዳር ደግሞ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን መቀመጫ ነው።

3. የግል ኮሌጅ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ለዚያ ፕሮግራምና ለዚያ ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ስንት ተማሪ እንዳለፈላቸውም ጠይቁ።

4. ሄዳችሁ እዩ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ የተማርኩበት ቦታ ስቱዲዮ ነበረው፤ ቁልፉ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። በትምህርት ዘመኔ ሁሉ ማይክሮፎን የያዝኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ድምፅ መቁረጥ ያስተማረኝ ሥራ ከገባሁ በኋላ አንድ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነው፤ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። እናንተ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና መምህሩ ያረመለትን ጽሑፍ እንዲያሳያችሁ ለምኑት። በጠርዙ ላይ «ይህን ማን አለ?»፣ «ቁጥሩ ከየት መጣ?» የሚል ቀይ ጽሕፈት ካያችሁ እዚያ ግቡ። ወረቀቱ ላይ ውጤት ብቻ ከሰፈረ ግን መምህሩ ማንበቡንም እጠራጠራለሁ።

5. የቋንቋውን ነገር አንሱ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የብዙዎቻችሁ ሥራ ግን በአማርኛ ይሆናል። በአማርኛ ዜና የሚጻፍባቸው ኮርሶች ስንት እንደሆኑ፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በየትኛው ኮርስ እንደሚሰጥ ጠይቁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ ካጣ ወደ ሁለተኛ ምርጫችሁ እለፉ።