የጭን ጡንቻና ነርቭ ስታጠኑ እንዳትሸወዱ

ቸርችል ጎዳና ላይ ካለች አንዲት ካፌ ጀማሪ የሕክምና ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ስህተታቸው በየዓመቱ ያው ነው።

አንደኛው የጭንን ጡንቻዎች የሚያዙትን ነርቮች በየጎኑ የሚደረድረው መዝሙር ነው፤ "ፊት ፌሞራል፣ ውስጥ ኦብቱሬተር፣ ኋላ ሳያቲክ።" መዝሙሩ ውሸት አይደለም። ፈተና የሚወጣው ግን መዝሙሩን ከሚያፈርሱት ጡንቻዎች ነው። ፔክቲኒየስ ከውስጥ ጭን ጡንቻዎች ጋር ይመደባል፤ ነርቩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፌሞራል ነው። አዳክተር ማግነስ ደግሞ ሁለት አለቃ አለው። አንዱን ክፍል ኦብቱሬተር ያዘዋል፤ ከመቀመጫ አጥንት የሚነሳውን ደግሞ የሳያቲክ ቲቢያል ክፍል። ዋናው ሸዋጅ ግን የባይሴፕስ ፌሞሪስ አጭሩ ራስ ነው። ሌሎቹ ሃምስትሪንጎች (የኋላ ጭን ጡንቻዎች) ከቲቢያል ሲያገኙ እሱ ብቻ ከሌላኛው የሳያቲክ ክፍል፣ ከኮመን ፊቡላር፣ ይወስዳል። ለማስታወስ መነሻውን እዩ፦ ጓደኞቹ ከመቀመጫ አጥንት ይነሳሉ፣ እሱ ከራሱ ከጭን አጥንት። ዳሌን ስለማያልፍ ጉልበት ያጥፋል እንጂ ጭንን ወደ ኋላ አይስብም።

ፊት ያለ ሁሉ ጉልበት ይዘረጋል ማለትም ስህተት ነው። ሳርቶሪየስ እንዲያውም ያጥፈዋል።

ሬክተስ ፌሞሪስን የጉልበት ጡንቻ ብቻ ማድረግስ? ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ውረዱ። ደረጃውን ሲሮጡ የቆዩት በአንድ እግር ቆመው ተረከዛቸውን ወደ ቂጣቸው ይስባሉ። እናንተም ሞክሩት። ጉልበታችሁ ወደ ፊት ሲወጣ ውጥረቱ ቀለል ይላል፤ ጭናችሁን ወደ ኋላ ስትወስዱት የፊቱ ጡንቻ ይወጠራል። ዳሌንም ጉልበትንም ስለሚያልፍ ነው። አብረውት ጉልበት የሚዘረጉት ሦስቱ ቫስተሶች ዳሌ ጋ አይደርሱም፤ የአራቱም ነርቭ ግን ያው ፌሞራል ነው፣ ከኤል2 እስከ ኤል4 ካሉት የወገብ አከርካሪ ነርቮች የሚመጣ።

የመጨረሻው፣ ጭን በደነዘዘ ቁጥር "ሳያቲክ ነው" ማለት። አንድ ተማሪዬ ራሱ እንደዚያ ብሎ ተጨንቆ መጣ። የቱ ጋ ነው ስለው መዳፉን የሱሪው የጎን ኪስ ላይ አሳረፈ። ያቃጥለዋል፣ ይደነዝዘዋል። ወገቡን አያመውም፣ ደረጃም እንደ ልቡ ይወጣል። ሳያቲክ የጭንን ጎን ቆዳ አያዳርስም። ያንን ቦታ የያዘው ከኤል2 እና ኤል3 የሚመጣ፣ ስሜት ብቻ የሚያደርስ፣ ብሽሽት አካባቢ የሚያልፍ የቆዳ ነርቭ ነው። ጡንቻ ስለማያዝ እግር አይዝልም። ቀበቶውን አየሁት፤ ሆዱን ለሁለት ከፍሎታል። "ይሄንን ነገር አላላው እስቲ" አልኩት። ሁለት ቀዳዳ ለቀቀና ማኪያቶውን አዘዘ።