ከትንሽ ልጅ ጋር የበጋ ሽርሽር እንዴት ይወጣል?

ልጄ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ሐይቅ ልናሳያት ይዘናት ወጣን። ከመኪና ወርደን ጥቂት እንደተራመድን መንገዱን የሚያቋርጥ የጉንዳን ሰልፍ አየችና ቁጢጥ አለች። አንዱ ጉንዳን ከራሱ የሚበልጥ የደረቀ ቅጠል ተሸክሞ ጠጠር ላይ ለመውጣት ይታገላል፤ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፣ ቅጠሉን በሌላ በኩል ነክሶ እንደገና ይሞክራል። እርሷ ጉልበቷን አቅፋ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። እኛ «ነይ እንጂ፣ ይመሻል» እያልን ቆይተን በመጨረሻ እያለቀሰች ተሸክመናት ሄድን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ እንቅልፏ መጥቶ ስለነበር ውኃውን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጉንዳኑ ቤቱ ደረሰ?»

ከዚያ ወዲህ ሽርሽር ሳቅድ መጀመሪያ የማየው የልጅቷን የእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ ቦታው ቀጥሎ ይመጣል።

1. ቀኑን በእንቅልፉ ልክ ቁረጡት

ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የቀን እንቅልፉ የተዘለለበት ልጅ የትም ብትወስዱት አይደሰትም። ስለዚህ በማለዳ ውጡ። ልጁ በዚያ ሰዓት ትኩስ ነው፣ ፀሐይዋም ገና አልበረታችም። በአብዛኛው ፀሐይ የምትከረው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰዓት ማየት ካልቻላችሁ ጥላችሁን እዩ፤ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ልጁን ወደ ዛፍ ሥር የማስገቢያ ጊዜ ነው።

በአንድ ቀን አንድ ቦታ ይበቃል። መናፈሻ፣ ከዚያ ሙዚየም፣ ከዚያ ዘመድ ቤት የሚል ዕቅድ የአዋቂ ዕቅድ ነው። እኔ የምመዝነው እንዲህ ነው፦ የደርሶ መልስ ጉዞው እዚያ ከምንቆይበት ጊዜ የሚበልጥ ከሆነ ቦታው ልጁ ከፍ እስኪል ይቆያል።

2. ቦርሳውን ማታ አዘጋጁ

ውኃ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ እርጥብ ልብስ የሚገባበት ፌስታል፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ቀጭን ብርድ ልብስ፣ ፕላስተር። ብርድ ልብሱ መሬት ላይ ሲነጠፍ ልጁ የሚያውቀው ቦታ ይሆንለታል፤ ሲደክመው ራሱ መጥቶ ይጋደምበታል። ወይን ከያዛችሁ እያንዳንዱን ፍሬ በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ድፍን ለውዝም ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ፤ ሁለቱም ጉሮሮ ይዘጋሉ። ለልጁም የራሱን ትንሽ ቦርሳ ስጡት። የሚይዘው አንድ ኩባያ ብቻ ቢሆንም ተሸክሞ መሄዱ ያኮራዋል።

3. ከፀሐይ ጠብቁት

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ዋናው መከላከያ ጥላና ስስ፣ ሰውነቱን የሚሸፍን ልብስ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ኤስፒኤፍ (SPF፣ የክሬሙ ከፀሐይ የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ከመውጣታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አስቀድማችሁ ቀቡት፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውኃ በወጣ ቁጥር ድገሙት። ጆሮ፣ ማጅራትና የእግር ጀርባ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አልቀባም ብሎ የሚሸሽ ልጅ ካለ መጀመሪያ እናንተን እንዲቀባችሁ ጣቱ ላይ ጠብ አድርጉለት፤ አፍንጫችሁን ቀብቶ ሲጨርስ የራሱን ያቀርባል።

4. መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አትተዉት

በሞቃት ቀን የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊጨምር ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙም አይረዳም። የትንሽ ልጅ ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። የእጅ ቦርሳችሁን ወይም ስልካችሁን ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከልጁ አጠገብ የማስቀመጥ ልማድ አዳብሩ፤ ስትወርዱ የኋላውን በር ሳትከፍቱ አትሄዱም። ልጁን ስታስቀምጡም የቀበቶውን ብረት አስቀድማችሁ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት።

5. ውኃ ዳር

ይህን በጥሞና አንብቡልኝ። የሚሰምጥ ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያወናጭፍም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃም ይበቃዋል። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ውኃ ውስጥ ወይም ውኃ አጠገብ ሲሆን እጃችሁን ብትዘረጉ የምትይዙት ርቀት ላይ ሁኑ። በአየር የሚነፋ ጎማና የክንድ መንሳፈፊያ መጫወቻ ነው፤ ሕይወት ያድናል ብላችሁ አትመኑት።

ትልቁ አደጋ ብዙ አዋቂ ባለበት ነው፤ ሁሉም ሌላው እያየው ይመስለዋል። እኛ ቤት ተራው በቃል ይተላለፋል። «አሁን አንተ ነህ» ይባላል፤ ሌላው «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ እስኪመልስ ድረስ የመጀመሪያው ዓይኑን ከልጁ አያነሳም። ተራ የያዘ ሰው ስልክ አይነካም።

6. ሰው በበዛበት ቦታ

ጠዋት ከቤት ስትወጡ ልጁን ፎቶ አንሱት፤ ቢጠፋ ምን ለብሶ እንደነበር በድንጋጤ ውስጥ ለማስታወስ አትታገሉም። ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። «ካጣኸን እዚያው ቆመህ ጥራን» የሚለውንም ደጋግማችሁ አስተምሩት። በአቅራቢያው ውኃ ካለ ፍለጋው ከውኃው ይጀምር።

7. ከደረሳችሁ በኋላ እርሱ ይምራ

ቢያንስ ለአንድ ሰዓት «ና» አትበሉት። ድንጋይ ቢያገላብጥ ከጎኑ ቁጭ በሉ። ሥራ የሚፈልግ ልጅ ከሆነ «ሦስት ዓይነት ቅጠል አምጣልኝ፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ የሚሸት» በሉት። ውኃ ሳይጠይቅ አጠጡት፤ ከ6 ወር በታች ላለው ጡት ወይም ፎርሙላ ወተት ብቻ ነው የሚሰጠው። አፉ ከደረቀ፣ ያለ እንባ ካለቀሰ፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ከጠቆረ ውኃ አንሶታል፤ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ልብሱን አላሉለት፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ካስመለሰው፣ ከደነዘዘ ወይም ሰውነቱ ከጋለ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ዓይኑን ማሸት፣ ደልዳላ ቦታ ላይ መደናቀፍ ሲጀምር ዕቃችሁን ሰብስቡ። ልቅሶው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ገና እየሳቀ ከወጣ በሚቀጥለው ሳምንት ጫማውን ይዞ በር ላይ ይጠብቃችኋል።

ቤት ስትደርሱ ልብሱን ከማጠባችሁ በፊት ኪሱን ፈትሹ። ጠጠር፣ የደረቀ ፍሬ፣ የላባ ቁራጭ ታገኛላችሁ። አትጣሉት። መስኮት ላይ ደርድሩትና ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሳ እያንዳንዱን ከየት እንዳነሳው ጠይቁት።