የቴክኒክ ጽሑፍ ባለሙያዎችን ቡድን በሥራ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

የአጠቃቀም መመሪያ፣ የጥገና ሰነድ፣ የሶፍትዌር ማብራሪያና የመሳሰሉትን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በመሥሪያ ቤታቸው ብዙውን ጊዜ ብቸኛ ናቸው። መሐንዲሱ የሚያማክረው ሌላ መሐንዲስ አያጣም፤ ሰነድ አዘጋጁ ግን ጽሑፉን በሙያ ዓይን የሚያይለት ሰው ስለሌለ ስሕተቱን የሚሰማው ከደንበኛ ቅሬታ ነው። በአንድ አካባቢ የሚሠሩ የሙያው ሰዎች የሚያቋቁሙት ቡድን ፋይዳ የሚኖረው ይህን ጉድለት ሲሞላ ነው። ስለዚህ አስተባባሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ማንን ተናጋሪ እንጋብዝ?» ብሎ ሳይሆን «በሚቀጥለው ስብሰባ የትኛውን ሰነድ ይዘን እንቀመጥ?» ብሎ ነው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በአንድ ወቅት ካስተባበርኳቸው ቡድኖች የአንዱ የመጀመሪያ ዓመት መርሐ ግብር ከዳር እስከ ዳር ንግግር ነበር፤ በየወሩ አንድ እንግዳ ስላይዱን ይዞ ይመጣል፣ ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል፣ ይጨበጨብለታል፣ እንበተናለን። ውሎ አድሮ ከተናጋሪው በቀር የምንገኘው አስተባባሪዎቹ ብቻ ሆንን። አንድ ቀን ተናጋሪው ሲቀር፣ ጊዜው ባዶውን እንዳያልፍ አንዲት አባል በእጇ ያለውን የመመሪያ ገጽ አውጥታ አስነበበችን። የዚያን ዕለት ከአዳራሹ ያስወጣን የጥበቃ ሠራተኛው ነው።

የገጽ እርማት ብለን የምንጠራው ይህ ሥራ የሚጠይቀው ዝግጅት ትንሽ ነው። ተራው የደረሰው አባል ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ለሁሉም አባዝቶ ያመጣል፤ ከዚያ በፊት የአሠሪውን ስም፣ ገና ለገበያ ያልቀረበ ምርት የሚያሳውቅ ዝርዝርና ምስጢር እንዲጠብቅ በውል የተገደደበትን ሁሉ ከጽሑፉ ማውጣት አለበት። ጸሐፊው የሚናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንባቢው ማን እንደሆነና ገጹን አንብቦ ምን መሥራት እንደሚኖርበት። ሌሎቹ ለዐሥር ደቂቃ ያህል በዝምታ ያነቡና የቆሙበትን፣ ወደ ኋላ ተመልሰው ያነበቡትን ቦታ ያመለክታሉ። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው እንዲያብራራ አይፈቀድለትም፤ መመሪያው ደንበኛው እጅ ሲገባ አብሮት ሄዶ የሚያብራራለት ሰው የለምና።

ለምሳሌ በቀረበው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ይገኛል እንበል፦ «የማሽኑን ክዳን ይክፈቱና ማጣሪያውን ያውጡ። ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ኃይል መቋረጡ መረጋገጥ ይኖርበታል።» ሰዋስዉ ነቀፋ የለበትም። ይሁን እንጂ መመሪያ የሚከተል ሰው አንዱን ዓረፍተ ነገር አንብቦ እጁን ወደ ሥራው ስለሚሰድ፣ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ክዳኑ ተከፍቷል። «መረጋገጥ ይኖርበታል» የሚለውም አረጋጋጩ ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚያረጋግጥ አይገልጽም። አንድ አባል «ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ገመዱን ይንቀሉ» ብሎ ያርመው ይሆናል፤ ይህም ቢሆን አንባቢው አስቀድሞ የሚያገኘው መክፈትን ነው። በአማርኛ «ከ… በፊት» ኋላ የሚሠራውን ከፊት ስለሚያስቀምጥ፣ ለደኅንነት መመሪያ የሚሻለው ተግባሮቹን በቅደም ተከተላቸው ማዘዝ ነው፦ «1. ማሽኑን ያጥፉ። 2. ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ። 3. ክዳኑን ይክፈቱ። 4. ማጣሪያውን ያውጡ።» ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ይነሣና ክዳኑ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ጎን የሚከፈተው ብሎ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ካላወቀ በማግስቱ መሐንዲሱን የሚጠይቀው ነገር አገኘ ማለት ነው።

ገጹ ከታረመ በኋላ በሰው መሞከር አለበት። ተጠቃሚው ሥራውን እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር የማድረጉ ዘዴ በዚህ መስክ የታወቀው ተመራማሪው ክሌይተን ሉዊስ በኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 ካዘጋጀው ጽሑፍ ወዲህ ነው፤ ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር የሚያስወጣው ወጪም የለም። ዕቃውን ወይም ሶፍትዌሩን ከመመሪያው ጋር ከሙያው ውጭ ለሆነ ሰው ስጡት፤ አንድ አባል ብቻ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ሌሎቹ ራቅ ብለው ይመዝግቡ። ሰውዬው ሲሳሳት ለመርዳት እጁን የሚዘረጋ አባል ሁልጊዜ አይጠፋም፤ እባካችሁ ተዉት። የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ጄኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ተጠቃሚዎችን መፈተን አብዛኛውን ችግር እንደሚያሳይ ጽፎ ነበር፤ ስሌቱ አንድ ሰው በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ያገኛል በሚል መነሻ ላይ ስለቆመ እንደ ሕግ መያዝ የለበትም። ለአንድ ምሽት ግን ሦስት ሰው እንኳ ከበቂ በላይ የሚያነጋግር ነገር ያወጣል።

ለጥናት የሚሆኑ የሰነድ አዘገጃጀት ደረጃዎችም (ስታንዳርዶች) አሉ፤ በንግግር ከመስማት ይልቅ በራስ ሰነድ ላይ ማዋሉ ይመረጣል። ለአውሮፕላን ጥገና ሰነዶች ተብሎ የተጀመረው የቀላል እንግሊዝኛ ደንብ፣ ኤኤስዲ-ኤስቲኢ100፣ የትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ከ20 ቃላት፣ ገላጭ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከ25 ቃላት እንዳይበልጥ ይወስናል። ይህ ቁጥር ለእንግሊዝኛ የወጣ ነው፤ «ስላልነቀሏቸው» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ብዙ ቃላት ስለሚፈልግ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም፤ ለቋንቋችን የሚስማማው ልክ ስንት ነው የሚለው ራሱ የአንድ ስብሰባ ሥራ ይሆናል። ስለ አጠቃቀም መመሪያ ዝግጅት አይኢሲ/አይትሪፕልኢ 82079-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2019 ታድሶ ወጥቷል፤ ስለ ግልጽ ቋንቋ ደግሞ አይኤስኦ 24495-1 በ2023 ታትሟል። ሁለቱም የሚሸጡ ስለሆኑ ቡድኑ በጋራ ገዝቶ ሊጠቀምባቸው ቢያስብ የፈቃዱን ገደብ አስቀድሞ ያንብብ። ዲያታክሲስ የሚባለው ሰነዶችን ለማስተማሪያ፣ ለአሠራር መመሪያ፣ ለማጣቀሻና ለማብራሪያ ብሎ በአራት የሚከፍለው አሠራር ግን በነፃ ይገኛል፤ አባላት የየራሳቸውን ሰነድ በአራቱ እንዲከፋፍሉ ብታደርጉ ሁሉን የቀላቀለ ገጽ ስንት እንዳላቸው ያኔ ያያሉ።

ሥልጠና ለመስጠት አሠልጣኝ መቅጠር ግዴታ አይደለም። ጉግል ለሶፍትዌር ባለሙያዎች ያዘጋጃቸው ሁለት የቴክኒክ ጽሑፍ ኮርሶች በነፃ የሚገኙ ሲሆን፣ ክፍሉን ለሚመራ ሰው የሚሆን መምሪያም አላቸው፤ አንድ አባል ቀድሞ አንብቦ ሊመራቸው ይችላል። ስለ ማርክዳውን (ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች ማሰናጃ ዘዴ) እና ስለ ጊት (የፋይል ለውጦችን መመዝገቢያ ሶፍትዌር) የሚደረግ ትምህርትም በተግባር ካልሆነ ወዲያው ይረሳል፤ ስለዚህ አባላት ኮምፒውተራቸውን ይዘው በአንድ ክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነ፣ ፕሮጀክት ሰነድ ላይ ያገኙትን ስሕተት አርመው እንዲልኩ አድርጉ። ይህ ለሙያ ዕድገትም ይረዳል። የቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ የሥራ ናሙና የሚጠየቅ ባለሙያ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ማሳየት ስለማይፈቀድለት ባዶ እጁን ይቀርባል፤ የክፍት ምንጭ ሥራው ግን ከነታሪኩ በይፋ የተቀመጠ ነው።

ዓለም አቀፍ ማኅበራትን መከታተል ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ፖርትላንድ ውስጥ በጉባኤ የተጀመረው የሰነድ አዘጋጆች ማኅበረሰብ ራይት ዘ ዶክስ በየከተማው የሚደረጉ ስብሰባዎች ሲኖሩት፣ የጀርመኑ የቴክኒክ ኮሙኒኬሽን ማኅበር ቴኮምም በየዓመቱ ትልቅ ጉባኤ ያዘጋጃል። ይሁን እንጂ የቡድኑን ሕልውና በአንድ እናት ማኅበር ላይ አታንጠልጥሉት። መነሻው እስከ እ.ኤ.አ. 1953 የሚቆጠረው የአሜሪካው የቴክኒክ ኮሙኒኬሽን ማኅበር እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2025 ኪሳራውን አሳውቆ ሲዘጋ በሥሩ የነበሩት የአካባቢ ቅርንጫፎች የሚቆሙበትን አጡ። የአባላት ዝርዝር፣ የስብሰባ ማስታወሻና ማን በየትኛው ሥልጠና እንደተካፈለ የሚያሳየው መዝገብ በቡድኑ በራሱ እጅ ይቆይ፤ ቁልፉንም ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይያዙት።

የቀረው አስተዳደር ነው፤ እሱ አጭር ነው። የስብሰባው ቀን በየወሩ አይቀያየር፣ ርዝመቱም ከሁለት ሰዓት አይለፍ፤ ገጽ የሚያመጡት ሁለት አባላት ከአንድ ወር በፊት ይታወቁ። አዲስ የገባ ጸሐፊ የመጀመሪያ ገጹን ለብዙ ሰው ማሳየት ስለሚከብደው፣ ከአንድ ነባር አባል ጋር አጣምሩትና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ተራ ስጡት። በየስብሰባው መጀመሪያ ላይ ለአምስት ደቂቃ፣ ያለፈው ወር ገጽ ባለቤት እርማቱን ምን እንዳደረገበት ይንገራችሁ፤ አለቃው ያልተቀበለው ካለም ምክንያቱን ጭምር።