ቺንጋው ተቀይሮም ጩኸቱ ካልጠፋ

መኪናው ይጮሃል። ባለቤቱ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን የጎማ ቀበቶ፣ ገዝቶ ያስቀይራል። ሁለት ሳምንት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ጩኸቱ ተመልሶ ይመጣል። ሰውየው «የሸጡልኝ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሌላ ቺንጋ ይገዛል። ደብረ ብርሃን ግቢዬ ውስጥ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶኛል። እውነትም ፎርጅድ የሆነበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሽታው ያለው ቺንጋው ከሚዞርባቸው ክብ መሽከርከሪያዎች፣ ከፑሊዎቹ፣ በአንዱ ውስጥ ነው። ከሻይ ብርጭቆ አፍ የምታንስ አንዲት ኩሽኔታ፣ ፑሊዋን በኳሶች ላይ የምታሽከረክር ቀለበት፣ ናት።

የማወራው ስለ አንዱ ረጅም ቺንጋ ነው። እየተጠማዘዘ ዳይናሞውን፣ የኤሲውን ኮምፕረሰር፣ በብዙ መኪና ውሃ ፓምፑን፣ ካለም የመሪውን ፓምፕ በአንድ ጊዜ የሚያዞረው። የድሮ ሚኒባስና አይሱዙ ለየብቻ የሆኑ ባለ ቪ ቺንጋዎች ስላሏቸው ከዚህ ብዙው አይመለከታቸውም። የታይሚንግ ቺንጋ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። እሱን ቤት ውስጥ አትነካኩት።

ጠዋት ሲነሳ ጮሆ ዝም የሚል

ጥቅምት ገብቶ ውርጭ ሲጀምር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ በዚህ ድምፅ ይነቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሌሊቱን የበረደ ባትሪ ሞተሪኖውን፣ ማለትም የሞተሩን ማስነሻ፣ ሲያዞር ይደክማል። ሞተሩ እንደተነሳ ዳይናሞው የወጣውን ኃይል ለመመለስ ይከብዳል። የበረደ ጎማ ደግሞ ይጠነክራል፣ ፑሊውን አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ይንሸራተታል።

ሁለትና ሦስት ሰከንድ ጮሆ ከቆመ፣ ቀኑን ሙሉም ካልተመለሰ፣ ውጥረቱን አይታችሁ ብቻ እለፉት። መብራትና ኤሲ ስትከፍቱ እንደገና ከጮኸ ግን ላልቷል ወይም አልቋል። እዚህ ላይ የእኛ አገር አንድ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኤሲ የሚከፍት ሰው የለም። መኪናው ዓመት ሙሉ ደህና ይመስላል። ጣርማበርን ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ሙቀቱ መስኮት አዘግቶ ኤሲ ሲያስከፍት፣ ያኔ ይጮሃል። ሹፌሩ ሙቀቱ ያመጣው ይመስለዋል። የላላው ግን እዚሁ ሳለ ነው። ስለዚህ ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት በራችሁ ላይ ኤሲውን ከፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ አዳምጡት።

የውሃው ሙከራ

ሞተሩ እየሰራ፣ እጃችሁን አርቃችሁ፣ በቺንጋው ባለ መስመር ፊት ላይ ትንሽ ውሃ ርጩበት። ጩኸቱ ወዲያው ከባሰ ውጥረት አንሶታል። ለትንሽ ጊዜ ጠፍቶ ከተመለሰ አንዱ ፑሊ ከሌሎቹ ጋር አልተሰለፈም። ምንም ካልተለወጠ ድምፁ ከቺንጋው ሳይሆን ከኩሽኔታ ነው።

ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ ለብሳችሁ በሚሰራ ሞተር ላይ አታጎንብሱ። ለብርዱ ብለው ጋቢ ደርበው ኮፈን የሚከፍቱ ሰዎችን በየጊዜው አያለሁ። የጋቢው ጫፍ ቺንጋው ውስጥ ከገባ ሰውዬውን ይዞት ይገባል። መጀመሪያ ጋቢውን አውልቁ፣ ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱ።

ዋናው፦ የመወጠሪያው ኩሽኔታ

ይህን የምጽፈው በእሱ ምክንያት ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

በራሱ የሚወጠር ቺንጋ ባለበት መኪና ላይ፣ ለምሳሌ በአንዳንድ ኮሮላዎች፣ በስፕሪንግ ወይም በዘይት ግፊት ቺንጋውን የሚገፋ ክንድ አለ። ጫፉ ላይ ለስላሳ ፑሊ አለች። በአንዳንድ መኪና ደግሞ የቺንጋውን መንገድ ለማስተካከል ብቻ የተቀመጠች ሌላ ፑሊ ትኖራለች። ሁለቱም የሚዞሩት በኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታዋ ግሪሷ ተሞልቶ ከፋብሪካ ታሽጋ የወጣች ናት። ግሪሷ ሲያልቅ በውስጧ ያሉት ኳሶች በደረቁ ይፈጫሉ፣ ፑሊዋ ዘንበል ትላለች፣ ቺንጋው በሰያፍ ይሄዳል። ቺንጋው በሰያፍ ሲሄድ ጠርዙ ይበላል፣ ሲጥ ሲጥ ይላል። እናንተ የምትሰሙት ቺንጋውን ነው፣ የምትቀይሩትም ቺንጋውን ነው። አዲሱ ቺንጋ ጠርዙ እስኪበላ ድረስ ዝም ይላል። ሁለቱ ሳምንት ያ ነው።

አንድ የሸዋ ሮቢት ሰው በአንድ ክረምት ሦስት ቺንጋ ቀይሮ መጣ። ሦስቱንም በፌስታል ይዟቸዋል። ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው ሦስቱም የተበሉት በአንድ በኩል ነው፣ በዚያው በአንዱ ጠርዝ፣ ክሩ እስኪታይ። ሰውዬው «ሦስት የተለያየ ሱቅ ነው የገዛሁት» አለኝ። ሦስት ሱቅ ተመካክሮ አንዱን ጠርዝ አይበላም። የመወጠሪያዋን ፑሊ በሁለት ጣት ይዤ ሳወዛውዛት ቀጭ ቀጭ አለች። የዚያን ቀን እሷን ቀየርን፣ ደህና ቺንጋም አስገባን። ከዚያ ወዲህ ስለ ጩኸት አልደወለልኝም።

ኩሽኔታ እዚህ አገር ለምን ቶሎ ይሞታል? አቧራው አለ፣ የጠጠር መንገድ አለ። እኔ ግን ብዙውን የማየው ከላቫጆ የሚመጣውን ነው። ሞተር ያጥቡና በከፍተኛ ግፊት ውሃውን ፊት ለፊት ፑሊዎቹ ላይ ይለቁበታል። ውሃው በኩሽኔታው ላስቲክ ስር ይገባና ግሪሱን ያወጣዋል። በዚያ ላይ እንዲያብለጨልጭ ብለው ናፍጣ ይረጩበታል። ናፍጣ የቺንጋን ጎማ ያሳብጣል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ቺንጋው መያዝ ያቅተዋል። ለበዓል ተብሎ ሞተሩ የታጠበ መኪና በወሩ እየጮኸ ሲመጣ ብዙ አይቻለሁ። አጣቢዎቹን አትቆጡ፣ ደንበኛው የሚያብለጨልጭ ሞተር ይወዳል ብለው ነው። «ሞተሩን ተዉት» በሏቸው። ቆሻሻ ሞተር መኪና አያቆምም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ቺንጋውን አውርዱ። እያንዳንዱን ፑሊ በእጃችሁ አሽከርክሩ። ደህናዋ ዝም ብላ ትዞራለች፣ ትንሽ ከበድ ትላለች፣ ቶሎ ትቆማለች። የደረቀችዋ እንደ እንዝርት ብዙ ዙር ትሽከረከራለች፣ ሽርርር የሚል ድምፅ ታወጣለች። ሰው በነጻነት ስትሽከረከር አይቶ «ይሄማ በጣም ደህና ነው» ይላል። በነጻነት የምትዞረው ግሪስ ስለሌላት ነው። የባሰባት ደግሞ አሸዋ የገባባት ያህል ትቆረቁራለች። ከዚያ ጠርዟን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዟት። ምንም መነቃነቅ የለባትም። በዚያው የዳይናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና የኤሲውን ፑሊ አሽከርክሩ። ውሃ ፓምፑ ስር ካለችው ቀዳዳ የደረቀ የኩላንት ነጠብጣብ ካያችሁ እሱም ጊዜው ደርሷል።

መፍትሄው ሁለት ነው። ክንዱም ላልቶ ከሆነ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሰራ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሙሉውን መወጠሪያ ቀይሩ። ክንዱ ደህና ሆኖ ኩሽኔታዋ ብቻ ከሞተች፣ በብዙ ፑሊ ላይ እሷን ብቻ ማውጣት ይቻላል። ቁጥሯ ጎኗ ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ 6203 ከሆነች ውስጧ 17፣ ውጭዋ 40፣ ውፍረቷ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ኩሽኔታ ቤት ሂዱ፣ በሁለቱም በኩል ላስቲክ ያላትን ጠይቁ። የብረት ክዳን ያላት ለአቧራችን አትሆንም። ስታስገቡ የምትገፉት የውጭውን ቀለበት ብቻ ነው። የውስጡን ቀለበት በመዶሻ ከመታችሁት ኳሶቹ መንገዳቸውን ይወጉታል፣ አዲሷ ኩሽኔታ ከተገዛች በሰዓቱ ሞተች ማለት ነው።

በመርፌ ዘይት ወይም ግሪስ መውጋት የሚባል ነገር አለ። አታድርጉት። ሳምንት ዝም ያሰኛል፣ ከዚያ ዘይቱ ወጥቶ ቺንጋው ላይ ይረጫል፣ አንድ በሽታ የነበረው ሁለት ይሆናል። ቺንጋው ላይ ሳሙና ማሸትም እንደዚያው ነው። አጎቴ ከደብረ ሲና ድረስ ሳሙና እየቀባ መጥቶ የፑሊዎቹ ቦይ ሁሉ በነጭ ቂጣ ተሞልቶ ነበር። ግማሽ ቀን በጥርስ ብሩሽ ቦዩን ሳጸዳ ዋልኩ።

ቺንጋው ላይ ዘይት ወይም ኩላንት ካለ

የሚፈሰውን መጀመሪያ ዝጉ። ዘይት እያፈሰሰ ያለ ሞተር ላይ አዲስ ቺንጋ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ዘይት የነካውን ቺንጋ በቤንዚን አጥቦ መመለስም አይሆንም።

ስትቀይሩ

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይውጣ። ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን ያልኩት ልጆች ስላሉ ነው።

የአሮጌውን መንገድ ሳታወርዱት በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። በሁለት አቅጣጫ አንሱ። «አስታውሰዋለሁ» የሚል ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደውልልኛል።

ቺንጋው ጀርባ ላይ እንደ 6ፒኬ1230 ያለ ጽሑፍ አለ። 6 የመስመሩ ብዛት፣ 1230 ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም መግጠም አለባቸው። ሻጩ «ትንሽ ቢያጥር ምን አለበት» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የዘመኑ ቺንጋ ሳይሰነጠቅ እንደ ጎማ እየሳሳ ስለሚያልቅ፣ ስንጥቅ የለውም ብላችሁ አትመኑት። 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሄደውን ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። የመስመሩ ጥልቀት ካነሰ አልቋል።

መወጠሪያ ባለው ኮሮላ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታላሉት በ19 ቁጥር መፍቻ ነው። ረጅም እጀታ ያለው ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ድንገት አትልቀቁት፣ ጣት ይሰብራል። ቪትዝን የመሰሉ ብዙ ትንንሽ መኪናዎች መወጠሪያ የላቸውም፣ የሚወጠረው ዳይናሞውን ገፍቶ ነው። ሁለቱንም ብሎን አላሉ፣ ወጥሩ፣ እንደገና አጥብቁ። ሁለት ፑሊ መካከል ረጅሙን ክፍል በአውራ ጣት ጫን ስትሉት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከገባ ልክ ነው። ከዚያ በላይ አትወጥሩት። የዳይናሞና የውሃ ፓምፕ ኩሽኔታ የሚገደለው እንዲህ ነው። አዲስ ቺንጋ ለጥቂት ቀን እየሰራ ስለሚላላ በሳምንቱ ተመልሳችሁ እዩት።

ካስገባችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ፑሊ ዙሪያ ጣታችሁን አስኪዱ። መስመሩ ሁሉ ቦዩ ውስጥ መግባቱን በጣት እንጂ በዓይን አታረጋግጡም። አንድ መስመር ውጭ የቀረ ቺንጋ ጋራዥ ውስጥ ደህና ይሰራል። ሞተሩ ሲጎትት፣ ዳገት ላይ፣ ጠርዙ ተተልትሎ እንደ ቃጫ ተበታትኖ ወጥቶ አይቻለሁ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው የክራንክ ፑሊ መካከል ያለው ጎማ ተላቆ ውጭው ቀለበት ወደ ፊት ወጥቶ ከሆነ ፑሊው ይቀየራል። የኤሲ ኮምፕረሰሩ ፑሊ አልዞር ካለ ቺንጋው ተቃጥሎ ይሸታል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር የዳይናሞ ፑሊ ያላቸው መኪናዎች ላይ ያ ፑሊ ሲሞት ቺንጋው ይርገበገባል። መወጠሪያም ማስተካከያም የሌለው ተለጣጭ ቺንጋ ያለ ልዩ መሳሪያው አይገባም።

መንገድ ላይ ከተበጠሰ

የባትሪው ቀይ መብራት ይበራል። የመሪው ፓምፕ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ መሪው ይከብዳል። ቺንጋው ውሃ ፓምፑን የሚያዞር ከሆነ ሙቀቱ በደቂቃዎች ይወጣል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዋሻ እየወጣችሁ ከሆነ እዚያው ዳር ያዙ፣ «እስከ ላይ ልድረስ» አትበሉ። የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ አትክፈቱ። በእኛ ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ከዚያ በላይ ሞቆ በክዳኑ ግፊት ብቻ ነው የተያዘው። ስትከፍቱት ፊታችሁ ላይ ይወጣል።

እየወረዳችሁ ከሆነ ሞተሩን አታጥፉ። በከባድ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሬኑ ይደነድናል። ብዙዎቹ የድሮ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ዳይናሞው ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ የዳይናሞው ቺንጋ ሲበጠስ ሞተሩ እየሰራም ፍሬኑ ይደነድናል። እነሱን የምትነዱ ሰዎች ቺንጋችሁን ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ተከታተሉ።

ደህና የነበረውን አሮጌ ቺንጋና 19 ቁጥር መፍቻውን መኪናው ውስጥ ያዙ። ዳገት ላይ ከቆማችሁ ድንጋይ ከጎማው ስር አድርጉ፣ ከዚያ ስሩ። ስትነሱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ አንሱት። ማታ ጉም ሲወርድ ከኋላችሁ የሚመጣው ሹፌር አያየውም።