የትከሻ ጅማት ኦፕራሲዮን ተደርጎላችሁ ቤት ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ

ይሄን የምጽፈው የተቀደደ የትከሻ ጅማት በኦፕራሲዮን ለተሰፋላቸው ሰዎችና ቤት ውስጥ ለሚያስታምሟቸው ነው። ሐኪሞቹ ሮቴተር ከፍ የሚሉት ማለት ነው፣ የክንድ አጥንታችንን ራስ ከበው የሚይዙ አራት ጡንቻዎች አሉ፣ የነሱ ጅማት ከአጥንቱ ሲላቀቅ ቀዶ ሐኪሙ አንከር በሚባሉ ትንንሽ ማሰሪያዎችና በክር መልሶ አጥንቱ ላይ ያስረዋል። ትከሻችሁ እየወለቀ አስቸግሯችሁ የተሰራላችሁ፣ መገጣጠሚያው የተቀየረላችሁ ወይ ተሰብሮ ብረት የገባላችሁም ብዙው ምክር ይጠቅማችኋል ግን የተከለከለው እንቅስቃሴና ጊዜው ስለሚለያይ የራሳችሁን ሐኪም ቃል አስቀድሙ።

ስራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ከምንም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ነገር፣ ህመሙ የሚቀንስበት ጊዜና ጅማቱ የሚጠነክርበት ጊዜ አንድ አይደለም። ህመሙ በአብዛኛው ሰው ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ እየቀለለ ይሄዳል፣ ጅማቱ ግን አጥንቱ ላይ ተጣብቆ ትንሽ ጉልበት ለማግኘት 12 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። እስከዛ ድረስ ስራውን የሚሰራው ክሩ ነው። ገና የተተከለ ችግኝ ቆሞ ስለታየ ብቻ ሥር ሰዷል ተብሎ አይነቀነቅም አይደል፣ ይሄም እንደዛው ነው። ብዙ ሰው ትከሻውን የሚጎዳው ሲያመው ሳይሆን በ5ኛው በ6ኛው ሳምንት "ኧረ አሁንማ ድኛለሁ" ብሎ ጀሪካን ሲያነሳ፣ ሊጥ ሲያቦካ፣ ልጅ ሲያዝል ነው።

ኦፕራሲዮኑ ገና ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጥቂት ነገር አዘጋጁ። ሴቶች ፀጉራችሁን ቀድማችሁ ሹሩባ ተሰሩ፣ ለሳምንታት ሁለት እጃችሁን ወደ ራሳችሁ ማንሳት አትችሉም። ቀለበትና የእጅ አምባር አውልቁ ምክንያቱም እጅ ያብጣል፣ የጥፍር ቀለምም አስለቅቁ፣ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በጥፍር በኩል ነው የሚያነበው። ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሰፊ ሸሚዝ ሁለት ሦስት ይኑራችሁ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ስኳር፣ ቡና፣ መድሃኒት ምናምን ወደ ወገብ ከፍታ አውርዱት። ሽንት ቤት በሌላኛው እጅ መጠቀምን ቀድማችሁ ተለማመዱ፣ ማንም አይነግራችሁም ግን የቀኝ እጅ ሰው ቀኙ ሲታሰር መጀመሪያ የሚቸገረው እዛ ጋ ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ከሌለ ለሁለት ሦስት ወር ከውጪ ለመግዛት ወስኑ፣ ሊጥ እያዞሩ ምጣድ ላይ ማፍሰስ ትከሻ የሚያሽከረክር ስራ ነው።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። አንገት ስር የሚሰጠው የነርቭ ማደንዘዣ ካለ ክንዳችሁ ለ12 ለ24 ሰዓት ያህል የናንተ አይመስልም፣ ህመም የለም፣ ስለዚ ክኒኑን ለምን እወስዳለሁ ይላል ሰው። ከዛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ማደንዘዣው ይለቅና ህመሙ ባንዴ ይመጣል። የታዘዘላችሁን ማስታገሻ ማደንዘዣው ሳይለቅ በፊት፣ በተባላችሁት ሰዓት ጀምሩ። ክንዱ እስኪነቃ ድረስ ደግሞ ከከሰል፣ ከጀበና፣ ከሙቅ ውሃ አርቁት፣ ቢቃጠልም አይሰማችሁም። ድምጽ መሻከር ወይ በዛው በኩል ያለው የዓይን ቆብ ወረድ ማለት ከማደንዘዣው ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል፣ አብሮትም ይጠፋል። መተንፈስ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ወዲያው ደውሉ።

እንቅልፍ። በእውነት ከህመሙ በላይ ሰው የሚማረርበት ይሄ ነው። ጠፍጣፋ አትተኙ፣ ከጀርባ ትራስ ደራርባችሁ ግማሽ ቁጭ ግማሽ ጋደም ብላችሁ ተኙ፣ ሶፋ ላይም ይሆናል። ክርናችሁ ስር የታጠፈ ፎጣ ወይ ትንሽ ትራስ አድርጉ፣ ክርን ወደ ኋላ ከወደቀ የተሰፋው ጅማት ይወጠራል። ተኝታችሁ ክርናችሁን በዓይናችሁ ማየት ከቻላችሁ አቀማመጡ ልክ ነው። ክንዳችሁን አንገታችሁ ላይ የሚይዘውን ማንጠልጠያ ሐኪሙ አውልቁት እስኪላችሁ ሌሊትም አታውልቁት፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው።

በረዶ በጣም ይረዳል፣ ፍሪጅ ውስጥ የቀዘቀዘ ውሃ በፌስታል ወይ በላስቲክ ጠርሙስ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ቆዳ ላይ በቀጥታ አይሁን። በካሜራ የተሰራ ኦፕራሲዮን ከሆነ ውስጡን በውሃ እያጠቡ ስለሚሰሩት መጀመሪያ ላይ ትከሻው ያብጣል፣ ከቀናት በኋላም ጥቁር ሰማያዊ ቀለም እስከ ክርን ሊወርድ ይችላል፣ አትደንግጡ።

ልብስ ሲለበስ የታመመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይወጣል። ብብት ለማጠብ ክንዱን አታንሱ፣ ጠረጴዛ ይዛችሁ ጎንበስ በሉና ክንዱ በራሱ ክብደት ተንጠልጥሎ ራቅ ሲል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁም። ቁስሉ ስፌቱ እስኪወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ደረቅ ይሁን። ጠበል ለመጠመቅ የምትፈልጉም ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ታገሱ፣ እስከዛ ጠጡ፣ ከዛ በኋላም ከላይ በኃይል የሚወርድ ውሃ ትከሻችሁን እንዳይመታው። ስግደትም እንደዛው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በእጅ ተደግፎ መነሳት ለወራት አይቻልም፣ ቆማችሁ ወይ ወንበር ላይ ሆናችሁ ጸልዩ።

ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ የኛ ሀገር ሰላምታ ትከሻ ለትከሻ ነው! ሰው ከልቡ ነው የሚጠይቃችሁ፣ ግን በፍቅር ገጭ ሲያደርጋችሁ ነፍሳችሁ ትወጣለች። ማንጠልጠያውን ጋቢና ነጠላ ውስጥ አትደብቁት፣ ከላይ ይታይ። ስትቀመጡ የታመመው ትከሻ በግድግዳ በኩል ይሁን፣ አስታማሚም በር ላይ "እጁን ብቻ ጨብጡት" ብሎ ይንገር። ታክሲ ውስጥም የታመመው ትከሻ በመስኮት በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ተጠጋጉ ሲባል የሚጨፈለቀው በሰው በኩል ያለው ትከሻ ነው።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ፣ ወጌሻ። በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት ትከሻው ይደርቃል፣ አይነሳም፣ ከዛ አንድ አክስት ወይ ጎረቤት "ይሄማ መታሸት ነው ያለበት፣ እገሌ ጋ ውሰዱት" ይላሉ። በክፋት አይደለም፣ ብዙዎቻችን ያደግነው ወለምታ ሲገጥመን በወጌሻ እጅ ነው፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ይሄ ወለምታ አይደለም። የደረቀውን ትከሻ በቅቤ አሽቶ ባንድ ጊዜ ወደ ላይ መጎተት ማለት በክር የተያዘውን ጅማት ከአጥንቱ መንቀል ማለት ነው፣ አንዴ ከተነቀለ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ አንዳንዴም ጅማቱ ተሸብሽቦ ወደኋላ ስለሚሸሽ ጭራሽ አይሰፋም። በዚ ጊዜ መድረቁ ራሱ የሚጠበቅ ነው፣ የታሰረ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ አብዛኛው በወራት ልምምድ ይፈታል፣ የተነቀለ ጅማት ግን በልምምድ አይመለስም። እናታችሁን ላለማስከፋት ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ "እማዬ ውስጡ በክር ታስሯል፣ ከተጎተተ ይበጠሳል፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል" በሏት፣ እንደዚ ሲነገራቸው ይገባቸዋል፣ ካስፈለገ ቀጠሮ ይዛችኋት ኑና እኛ እናስረዳት። ጠባሳውን በስሱ ማሸት ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ፊዚዮቴራፒስታችሁ ያሳያችኋል።

ምግብና መድሃኒት ላይ። ጅማት እንዲጠገን ፕሮቲን ይፈልጋል፣ እንቁላል፣ ስጋ፣ ወተት፣ ጾም ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተር በደንብ ብሉ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እንደ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ መድሃኒቶች ባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራ ይጎዳሉ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ መውሰድማ በፍጹም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይ ደም ግፊት ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለትም ባለ 500ው ከ8 ፍሬ አይለፍ። ትራማዶል የሚባለው ጠንከር ያለ ማስታገሻ ከታዘዘ ሆድ ያደርቃል፣ ውሃ፣ ፓፓያ፣ ተልባ ይርዳችሁ፣ ከጠላና ከአረቄ ጋር ግን እንዳታገናኙት። ስኳር ያለባችሁ ስኳራችሁን ጠብቁ፣ የምታጨሱም ቢያንስ እነዚህን ወራት ተዉት፣ ከፍ ያለ ስኳርም ሲጋራም ጅማቱ በደንብ እንዳይጣበቅ ያደርጋሉ።

ልምምዱ፣ በመጀመሪያ ቀናት ጣት መጨበጥ መዘርጋት፣ የእጅ አንጓ ማዞር፣ ክርን ማጠፍ መዘርጋት ነው፣ በቀን ደጋግማችሁ። ባይሴፕስ የሚባለው፣ ክርን የሚያጥፈው የክንድ ፊት ጡንቻ ጅማትም አብሮ ከተሰፋላችሁ ክርኑን በራሱ ጉልበት አታጥፉት፣ በጤነኛው እጅ አግዙት። ከጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ መሳብም ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ከዛ ሐኪሙ ሲፈቅድ ፔንዱለም የምንለው ይመጣል፣ በጤነኛው እጅ ጠረጴዛ ተደግፋችሁ ጎንበስ ትሉና የታመመው ክንድ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፣ የምትወዛወዙት እናንተ ናችሁ በወገባችሁ፣ ክንዱ ይከተላል። ክንዱን ራሱን በጡንቻ ካሽከረከራችሁት ልምምዱ ተበላሸ። እንደዚሁም በጀርባ ተኝታችሁ ጤነኛው እጅ የታመመውን አንጓ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ የታመመው ምንም አይሰራም። ቅዳዱ ትልቅ ከነበረ ግን ሐኪሙ ይሄን ሁሉ ሊያዘገየው ይችላል፣ ጎረቤታችሁ በ2ኛ ሳምንት ስለጀመረ እናንተም ትጀምራላችሁ ማለት አይደለም።

ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ክንዱ ራሱ መስራት ይጀምራል። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አድርጋችሁ ወደፊት መግፋት፣ ጣታችሁን ግድግዳ ላይ እያራመዳችሁ ወደ ላይ መውጣት፣ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዞ ማንሳት። መስታወት ፊት ስሩት፣ ክንዱን ስታነሱ ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ የሚወጣ ከሆነ ጡንቻው ሳይሆን አንገታችሁ ነው የሚሰራው፣ ከፍታውን ቀንሱና በትክክል ስሩ። የሚለጠጥ ላስቲክ እየሳቡ ጡንቻውን ማጠንከር የሚመጣው ከ12 ሳምንት አካባቢ ነው። መለኪያችሁ ይሄ ይሁን፣ ከልምምድ በኋላ የመጣ ህመም በሰዓት ሁለት ሰዓት ውስጥ ከበረደ ደህና ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ከነሳችሁ በዝቷል። እስክስታ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ ቀስ ያለው ጥንካሬው ሲመለስ ይደርሳል፣ ሠርግ ላይ በሙሉ ጉልበት የሚወርደው ግን ከ6 ወር በፊት ባይሆን ደስ ይለኛል።

ስራ ላይ ተቀምጦ የሚሰራ ሰው በሳምንታት ውስጥ በማንጠልጠያው ሆኖ ሊመለስ ይችላል፣ ሸክም ያለበት ስራ ከ4 እስከ 6 ወር አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈልጋል። መኪና በማንጠልጠያ አይነዳም። ኢትዮጵያ ውስጥ በግል ድርጅት የምትሰሩ በአዋጅ 1156/2011 መሰረት የሙከራ ጊዜ ከጨረሳችሁ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የህመም ፈቃድ አላችሁ፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ፣ የሐኪም ወረቀት ግን ያስፈልጋል። አሜሪካ ያላችሁ ኤፍኤምኤልኤ የሚባለው ሕግ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ስራችሁን ያስጠብቅላችኋል፣ 50 ሰውና ከዛ በላይ ያለው መስሪያ ቤት ውስጥ ዓመት ሰርታችሁ በዛ ዓመት 1,250 ሰዓት ከሞላችሁ። አረጋዊ የምታነሱ የምታስተኙ እህቶች፣ እባካችሁ "ቀላል ስራ" የሚል ወረቀት ሳትይዙ እንዳትመለሱ።

ትኩሳት 38 ካለፈ፣ ቁስሉ መግል ካወጣ ወይ ቅላቱ ከሰፋ፣ ጣታችሁ ከደነዘዘ ወይ ከቀዘቀዘ፣ ወይ ድንገት ቋ ብሎ ጉልበት ከከዳችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ባት አብጦ ካመመ፣ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

በመጨረሻ፣ ሕንድ ወይ ታይላንድ ወይ ቱርክ ሄዳችሁ ተሰርታችሁ የምትመለሱ፣ የኦፕራሲዮኑን ሪፖርት ቅጂ ሳትይዙ አትሳፈሩ። የትኛው ጅማት እንደተሰፋ፣ ቅዳዱ ምን ያህል እንደነበር፣ የትኛው እንቅስቃሴ እስከመቼ እንደተከለከለ ይጻፍላችሁ። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ስትመጡልን ልምምዱን በልክ እናወጣላችኋለን፣ ባዶ እጃችሁን ስትመጡ ግን ውስጡን ስለማናውቅ በጣም ቀስ ብለን ለመሄድ እንገደዳለን፣ ሻንጣችሁንም ሌላ ሰው ያውርድላችሁ።