ከሮም ቬኒስ በባቡር፣ ፍሎረንስን በመሃል አይቶ

ይህን ጉዞ በመኪና አትሞክሩት፣ ባቡር ይሻላል። ጠዋት በጊዜ ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ፣ ከተርሚኒ፣ ተነሱ። ፈጣኑ ባቡር፣ ፍሬቻሮሳም ሆነ ኢታሎ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፍሎረንስ ያደርሳችኋል። ትኬት ቀደም ብላችሁ ግዙ፤ ቀኑ ሲቀርብ ዋጋው ይንራል። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የባቡሩ የመጨረሻ ከተማ ስለሆነ፣ እናንተ ፍሎረንስን ስትፈልጉ «ሚላኖ» ወይም «ቬኔዚያ» ሊል ይችላልና፣ ዝም ብላችሁ ትኬታችሁ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥር ፈልጉ።

ፍሎረንስ ላይ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ ውረዱ። ሻንጣችሁን ጣቢያው ውስጥ በአደራ አስቀምጡ። ዱኦሞ የሚባለው ካቴድራል በእግር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ምሳ መርካቶ ቼንትራሌ የሚባለው ገበያ ውስጥ ብሉ፤ ጨጓራ የሚወድ ሰው ላምፕሬዶቶ የሚባለውን ሳንድዊች እንዳያልፈው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቬኒስ። በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ረከስ የሚለውን የክልል ባቡር ከመረጣችሁ ግን የወረቀት ትኬታችሁን ሳትሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቱ፤ ቀንና ሰዓት ካልታተመበት ተቆጣጣሪው ይቀጣችኋል።

አደራ፣ ሜስትሬ ላይ እንዳትወርዱ! እሱ የብስ ላይ ያለው ሰፈር ነው። የእናንተ ጣቢያ ሳንታ ሉቺያ ነው። በመሃል ባቡሩ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ በውሃ ላይ ይሄዳል፤ ድልድዩ ከ1846 ጀምሮ ያለ ነው። በዚያ ሰዓት ስልካችሁን ትታችሁ በመስኮት እዩ።

ከጣቢያው ስትወጡ ታላቁ ቦይ ፊት ለፊታችሁ ነው። ቫፖሬቶ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ትኬት እዚያው ይሸጣል። መስመር 1 ቀስ እያለ እየቆመ ሳን ማርኮ አደባባይ ይወስዳችኋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ከሁሉም እሱ ይሻላል።