ለሥራ ሲያመለክቱ የትኛውን የመኖሪያ አድራሻ መስጠት ይገባል?

በሥራ ማመልከቻ ላይ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች ሁሉ ቀላሉ የሚመስለው የመኖሪያ አድራሻ ነው፤ በአንድ ቤት ለረጅም ጊዜ ለኖረ ሰው በእርግጥም ቀላል ነው። ለትምህርት ከወላጆቹ ርቆ በኪራይ ለሚኖር፣ በቅርቡ ወደ ሌላ ከተማ ለሚዛወር፣ ለጊዜው ዘመድ ቤት ለተጠጋ ወይም ጨርሶ ቋሚ ቤት ለሌለው ግን ጥያቄው ያስቸግራል። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ቀጣሪው በዚያ ደረጃ ላይ አድራሻውን ለምን እንደፈለገው ነው፤ ሲቪ ሲቀበል፣ ቅጽ ሲያስሞላና ውል ሲያስፈርም የሚፈልገው ነገር አንድ አይደለምና።

ከሲቪው እንጀምር። ቀድሞ የቃለ መጠይቅ ጥሪ በፖስታ ይላክ ስለነበር ሙሉ አድራሻ በሲቪው አናት ላይ መጻፍ ግድ ነበር። አሁን አመልካች የሚጠራው በስልክ ወይም በኢሜይል በመሆኑ ማስታወቂያው በግልጽ ካልጠየቀ በስተቀር የከተማውንና የአገሩን ስም መጻፍ ይበቃል፤ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም አያስፈልግም። እንዲያውም ባይጻፍ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሲቪ አንዴ ከእጅ ከወጣ በኋላ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ አይታወቅም። የሰዎችን የግል መረጃ ለመሰብሰብ ብቻ የሚወጡ ሐሰተኛ የሥራ ማስታወቂያዎችም አሉ፤ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ ቁጥርና የቤት ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ተሰብስበው ማግኘት ለአጭበርባሪ ትልቅ ሲሳይ ነው።

የኦንላይን ቅጽ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። በቀይ ኮከብ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ካልተሞላ ቅጹ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም፤ በዚህ ጊዜ የማይገናኝ ቃል ወይም የነጥብ መደዳ ጽፎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ቅጹ «የአሁን አድራሻ» እና «ቋሚ አድራሻ» ብሎ ከለያቸው፣ የመጀመሪያው አሁን በትክክል የሚኖሩበት ቤት ሲሆን ሁለተኛው ከዚያ ቢወጡም የሚገኙበት፣ ብዙውን ጊዜም በመታወቂያዎ ላይ የሰፈረው ወይም የቤተሰብዎ ቤት ነው። የተሰጠው ሣጥን አንድ ብቻ ከሆነ አሁን የሚኖሩበትን ይጻፉ። ተማሪ ከሆኑና የአመልካቾች ምርጫ በሚካሄድባቸው ወራት የሚገኙት ወላጆችዎ ዘንድ ከሆነ የእነርሱን አድራሻ መስጠት ይችላሉ፤ ሥራው ትምህርት ቤትዎ አጠገብ ከሆነና እዚያው የሚቆዩ ከሆነ ግን የኪራይ ቤትዎን ይስጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር ሲያስብ ነው። ቀጣሪዎች የሩቅ አመልካችን ሲያዩ ለቃለ መጠይቅ ይመጣ ይሆን፣ ሥራውን በቶሎ ይጀምራል ወይ፣ የጉዞውንና የዕቃ ማጓጓዣውን ወጪ ማን ይችለዋል እያሉ ያመነታሉ፤ አንዳንድ የቅጥር ሶፍትዌሮችም አመልካቾችን ከሥራ ቦታው ባላቸው ርቀት ለይቶ ማውጣት ያስችላሉ። ስለዚህ በዚያ ከተማ የሚኖር ጓደኛን አድራሻ የራስ አስመስሎ መስጠት ያጓጓል። በእኔ እምነት ይህ አያዋጣም። የሰው ኃይል ክፍሉ ባለሙያ ደውሎ «ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት ቢሮ መምጣት ይችላሉ?» ሲል፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ያለው አመልካች ወይ ሰበብ ይፈጥራል ወይ እውነቱን ያወጣል፤ በሁለቱም መንገድ ገና ከጅምሩ እምነት ያጣል። ድርጅቱ ለሚዛወሩ ሠራተኞች የሚሰጠው አበል ቢኖር እንኳ የከተማው ነዋሪ ነኝ ያለ ሰው ያንን ሊጠይቅ አይችልም።

የሚሻለው እውነተኛውን ከተማ ጽፎ ሥጋቱን በአንድ መስመር ማስወገድ ነው። በሲቪው ላይ ከስልክ ቁጥሩ ሥር «በመጪው ወር መጨረሻ ሥራው ወዳለበት ከተማ እዛወራለሁ፤ ለቃለ መጠይቅ በራሴ ወጪ መምጣት እችላለሁ» ብሎ መጻፍ ቀጣሪው ሊጠይቅ ያሰበውን አስቀድሞ ይመልሳል፤ ወጪውን ለመሸፈን ካላሰቡ ግን ሁለተኛውን ሐረግ ይተዉት። የኪራይ ውል ተፈራርመው የመግቢያው ቀን ከተቆረጠ የአዲሱን ከተማ ስም ከቀኑ ጋር መጻፍ ይቻላል። የጓደኛ ወይም የዘመድ አድራሻ የሚያስኬደው ባለቤቱ ፈቅዶ፣ እርስዎም በእርግጥ እዚያ የሚያርፉ ከሆነ ነው።

ቋሚ ቤት የሌለው ሰው ደብዳቤ ተቀብሎ በታማኝነት የሚያደርስለትን ሰው ወይም የሚረዳውን ድርጅት አድራሻ፣ «በእገሌ በኩል» ብሎ ሊሰጥ ይችላል። የፖስታ ሣጥን ቁጥርም ለደብዳቤ መቀበያ ያገለግላል፤ የት እንደሚኖሩ ለሚጠይቅ ሣጥን ግን መልስ አይሆንም።

ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ለሚሠራ ሥራ የቤት ቁጥሩ እምብዛም ባይፈለግም አገሩ እጅግ ያስፈልጋል። የገቢ ግብር፣ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮና የሠራተኛ ሕግ በአብዛኛው የሚወሰኑት ሥራው በሚሠራበት አገር ስለሆነ፣ የሌላ አገር አድራሻ መስጠት አመልካቹንም ቀጣሪውንም ከሕግ ጋር ሊያጋጭ ይችላል።

የቅጥር ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ሙሉና ትክክለኛ አድራሻ መስጠት ግዴታ ነው። የቀድሞ ታሪክ ማጣሪያ የሚያደርጉ ተቋማት ያለፉትን ዓመታት አድራሻዎችም ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ አመልካቹ ያለፉትን 5 ዓመታት አድራሻዎች በሙሉ እንዲያስመዘግብ ይጠየቃል። ስለዚህ የኖሩባቸውን ቤቶች ከገቡበትና ከወጡበት ወር ጋር በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቦ መያዝ በኋላ ከማስታወስ ጋር ከመታገል ያድናል። ቅጹ ግርጌ ላይ ያቀረቡት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዎ ስለሚያረጋግጡ፣ ሐሰት ሆኖ የተገኘ አድራሻ ከተቀጠሩ በኋላም ለስንብት ምክንያት ሊሆን ይችላል። መታወቂያዎ ላይ ያለው አድራሻ አሮጌ ከሆነ ቀጣሪው ሳይጠይቅዎ ልዩነቱን ይግለጹ፤ ካመለከቱ በኋላ ቤት ከቀየሩም በቅጹ ላይ ያስተካክሉ ወይም ለቀጣሪው በኢሜይል ያሳውቁ። ሥራ ሲለቁም እንዲሁ ነው፤ የግብር ሰነድና ቀሪ ክፍያን የሚመለከት ደብዳቤ የሚላከው መጨረሻ ወደተመዘገበው አድራሻ ነው።